ቮልሷ፣ አባይ በረሃ እና የፍኖተ ሰላሙ ቺንጋ

መኪና እወዳለሁ ስል ሰዎች ቶሎ ብለው «ታዲያ ምን ትነዳለህ?» ይሉኛል። ፖርሽ ወይም ፌራሪ እንድላቸው ይጠብቃሉ። «የአባቴን ቮልስ» ስላቸው ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ቮልሷን ይዘን ወደ ፍኖተ ሰላም እና ቡሬ ያደረግነውን ጉዞ ስጀምርላቸው ግን ሳቃቸውን ትተው ያዳምጡኛል። ዛሬ ለእናንተም ላጫውታችሁ።

ነገሩ የተነሳው በሽያጭ ነው። አባቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ውስጥ አስተማሪ ነበር። የ1960 ሞዴል ቮልሷን የገዛው እዚያ እያለ ነው፤ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደምበጫን በጠጠር መንገድ ያዳረሰው በእሷ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ሦስት ዓመት ቆመች። አንድ ቀን ገዢ መጣ፤ ዋጋውም ደህና ነበር፤ ቀብድ ተቀበልኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ለገዢው «ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አልኩት። መኪናዋን ከማስረከቤ በፊት አባቴ በነዳበት መንገድ አንድ ጊዜ ልወስዳት ፈለግሁ። ባለቤቴ ሐሳቤን ሰምታ «እሺ፣ እንሂድ። መንገድ ላይ ከቆመች ግን እዚያው ሽጠሃት በአውቶቡስ እንመለሳለን» አለች። ያኔ 11 ዓመቱ የነበረው ልጃችን ምስክር ሆነ።

ስፖርት መኪና ምንድን ነው?

ከመነሳታችን በፊት አንድ ክርክር ላንሳ፤ ከመኪና ወዳጆች ጋር ቡና ስንጠጣ ሁልጊዜ የሚነሳ ነውና። ብዙዎች ስፖርት መኪና የሚሉት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበረውን ነው። እኔ አልስማማም። እንዲህ ያለ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ከመንገድ ላይ ጉብታ ጋር ሆዱን ሲፋተግ ይውላል። ለእኔ ስፖርት መኪና ማለት መንገዱን በመሪው በኩል እጅህ ላይ የሚያመጣልህ፣ ማርሽ በቀየርክ ቁጥር የሚመልስልህ ቀላል መኪና ነው። የሎተስ ኩባንያ መሥራች ኮሊን ቻፕማን ዕድሜ ልኩን የደከመው ጉልበት ከመጨመር ይልቅ ክብደት ለመቀነስ ነበር። ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወደደችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የ1966ቷ ፊያት 124 ስፓይደርም እንዲሁ።

በዚህ ሚዛን ካየናት ቮልስ ከስፖርት መኪና ብዙም አትርቅም። የነደፋት ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ቤተሰቡ በ1948 እ.ኤ.አ. ፖርሽ 356ን ሲሠራ ሞተሩንና ብዙ ዕቃውን የወሰደው ከቮልስ ነው። ዛሬም ፖርሽ 911 ሞተሩን እንደ ቮልስ ከኋላ ተሸክሞ ይሄዳል። ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተው የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣች።

በእኛም አገር ቮልስ የራሷ ታሪክ አላት። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. ከቶኪዮ ድሉ በኋላ የተሸለመው ቮልስ ነበር፤ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ያ ልብ የሚሰብር አደጋ የደረሰበትም በቮልስ ነው። አባቴ ይህን ሳያነሳ ቁልፍ አይሰጠኝም ነበር። አሮጌ መኪና ኤርባግ የለውም፤ ላሜራው እንደ ዛሬዎቹ ግጭት እንዲያበርድ ተደርጎ አልተሠራም። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ለአራቱም መቀመጫ የደህንነት ቀበቶ አስገጠምኩ፤ ፍሬኑን ከነሸራው አሳደስኩ፤ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ላልነዳም ለባለቤቴ ቃል ገባሁ።

አባይ በረሃ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሳን። እንጦጦን ወጥተን ሱሉልታን ስናልፍ ሜዳው ላይ ውርጭ ነበር። ጎሃ ጽዮን ደርሰን ቁርስ በላን፤ ከዚያ መንገዱ ተሰብሮ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ መልሶ መውጣት ነው። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ሸራውን አግሎ እግሩ ሥር ባዶ ፔዳል ሊያገኝ ይችላል። ልጄ ዝንጀሮ እየቆጠረ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ላይ ደረስን፤ አሮጌው ድልድይ አጠገቡ ቆሟል። «አያቴ በየትኛው ነው የሄደው?» አለ። በአሮጌው ነበር።

ዳገቱ ላይ ቮልሷ ሞያዋን አሳየች። ሞተሯ 40 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ያውም በባሕር ጠለል። ከፍታ አየሩን ስለሚያሳሳው በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ ስትደርሱ 30 ብቻ ቀርቷችኋል ማለት ነው። ግን ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ የሚፈላ ውሃ የላትም። እኛ በሁለተኛ ማርሽ እያዘገምን ስንወጣ፣ ቅድም እያንባረቁ ያለፉን ሁለት መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው፣ እንፋሎት እየተነነ፣ ሾፌሮቹ በጀሪካን ውሃ ይዘው ቆመዋል። ልጄ በመስኮት እጁን አወዛወዘላቸው። እኔም ትንሽ ኮራሁ።

ቀይዋ መብራት

ኩራቴ ብዙ አልዘለቀም። ደብረ ማርቆስ ምሳ በልተን፣ ደምበጫን አልፈን፣ ጂጋን ተሻግረን ፍኖተ ሰላም ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ከኋላ አንድ ነገር «ጧ!» አለ። ቀይዋ የዲናሞ መብራት በራች። ወዲያው ጠርዝ ይዤ አጠፋኋት። በሌላ መኪና ይህ መብራት ቢበራ ባትሪው እስኪያልቅ መንዳት ይቻል ይሆናል። ቮልስ ላይ ግን ዲናሞውንና ማቀዝቀዣ ማራገቢያውን የሚያዞረው አንድ ቀበቶ ነው፤ መካኒኮች ቺንጋ የሚሉት። እሱ ተበጥሶ የሚነዳ ሰው ሞተሩን ጠብሶ ነው የሚያርፈው።

ጥፋቱ የራሴ ነበር። አባቴ ሁልጊዜ ከፊት መቀመጫ ሥር መለዋወጫ ቺንጋ ያስቀምጥ ነበር። እኔ ለምግብ ማቀዝቀዣ ሣጥን ቦታ ሳበጅ አውጥቼ ቤት ትቼዋለሁ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ ሰዓቷን አየች። ውሉን ሁላችንም አስታውሰናል።

አንድ የባጃጅ ሾፌር ቆሞ አየን። «ወንድም ዓለም፣ ይቺን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ አለ» ብሎ እኔን ጭኖ ወደ ከተማ በረረ። ሽማግሌው መካኒክ ጋራዡ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ቮልስ ስላቸው ብድግ አሉ። በወጣትነታቸው ሞያውን የተማሩት በቮልስ መሆኑን እየነገሩኝ ወደ ጓዳ ገቡ፤ ግድግዳው ላይ፣ ከአሮጌ ካንዴላና ከተሰነጠቀ መብራት አጠገብ፣ ጥቁር ቺንጋ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። «አባባ፣ ይሄን ስንት ዘመን አስቀመጡት?» አልኳቸው። «አንድ ቀን ትመጣለች ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉ።

መኪናዋ ጋ ተመልሰን ሲሠሩ ልጄ ጎናቸው ተንበረከከ። የዲናሞውን ፑሌ ለሁለት ከፈሉት፣ ቺንጋውን አስገቡ፣ ከዚያ ቀጫጭኖቹን ራንዴላዎች አንድ በአንድ እያስገቡና እያወጡ ጥብቀቱን ለኩ። «በአውራ ጣትህ ተጫን» አሉት ልጄን። «ይህችን ያህል ከገባ ልክ ነው። ከጠበቀ ዲናሞውን ይበላል፤ ከላላ ይንሸራተታል።» ልጄ ተጫነና ራሱን ነቀነቀ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሂሳብ ስጠይቅ አሻፈረኝ አሉ። ይልቅስ ቤታቸው ወስደው የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ አበሉን፤ ባለቤታቸው ቡና አፈሉ። ደጁ ላይ የተሰጣው በርበሬ ግቢውን ቀይ አልብሶት ነበር።

ስንሰናበት ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ስትመለሱ ምትክ ቺንጋ አምጡልኝ። ሚስማሩ ባዶ እንዳይቀር።»

ማንኩሳ እና ቡሬ

ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ለምለም ከተማ ናት። ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን፣ የሰላም መንገድ የሚለውን፣ ያገኘችው ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ነው ይባላል። በዚያ ዘመቻ ጣሊያን ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ፤ ንጉሡም መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። እኛ የመጣንበትን መንገድ ነው የተጓዙት፤ እነሱ ወደ ታች፣ እኛ ወደ ላይ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቡሬ ስንሄድ አንድ ትንሽ ከተማ ላይ ባለቤቴ «አቁም!» አለችኝ። መኪናዋ ተበላሸች ብዬ ደነገጥኩ። ምልክቱን ነበር ያየችው፤ ማንኩሳ ይላል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህ የተወለደበት አገር! ባለቤቴ ልብ ወለዱን በሬዲዮ ትረካ እየሰማች ነው ያደገችው። ወርዳ የጤፉን ማሳ፣ የሣር ክዳኖቹን፣ ወደ ገበያ የሚነዱትን አህዮች ለረጅም ጊዜ ቆማ አየች። በ80 ኪሎ ሜትር ባንጓዝ ኖሮ ምልክቱን አናየውም ነበር። ዘገምተኛ መኪና አገር ያሳያል የምለው ለዚህ ነው።

ቡሬ መንታ መንገድ ናት። ቀኙ በእንጅባራ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ግራው እንደገና ወደ አባይ ወርዶ ነቀምት ይገባል። ስለዚህ ገበያዋ የሁለት አገር ገበያ ነው፤ በርበሬ፣ በቆሎ፣ ማር፣ ድንች። አባቴ ያስተምር የነበረበትን ትምህርት ቤት አጥር ደጅ ቮልሷን አቆምኳት። ማንም አላወቀንም፤ እኔም ያን አልጠበቅሁም። ተማሪዎች ከበቧት። አንዷ ልጅ ኮፈኑን ከፍታ «እንዴ! ሞተር የላትም!» ስትል፣ ልጄ ኮራ ብሎ ወደ ኋላ ወሰዳትና ቺንጋውን በአውራ ጣቷ አስጫናት።

ያን ማታ ባለቤቴ ሳልጠይቃት «ቀብዱን መልስለት» አለችኝ።

ዛሬ

ከዚያ ወዲህ የመኪናው ዓለም ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜ በገፉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተወሰነ። እኔ አላኮረፍኩም። ባለቤቴ የምትነዳው የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ጸጥ ያለና ለከተማ የሚመች። ለዕለት ሥራ አዲሱን ግዙ። ነገር ግን ግቢያችሁ ውስጥ የአባታችሁ ቮልስ፣ ፔዦ 404 ወይም ሰይቼንቶ ቆማ ከሆነ፣ ለላሜራ ገዢ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አስነሷት። ከእንግዲህ ከውጭ አትመጣም። ስታወጧት ፍሬኑን፣ ጎማውንና የነዳጅ ጎማ ቱቦውን አስቀድማችሁ አስቀይሩ፤ መለዋወጫ ቺንጋ፣ ካንዴላና ፑንቲና ያዙ፤ ለምግብ ሣጥን ብላችሁ አታውጡ።

ወደ ፍኖተ ሰላም ግን አልተመለስንም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢው ባለው ግጭት ያ መንገድ ለሽርሽር የሚነሱበት አልሆነም። ስልክ ሲሠራ ሽማግሌውን እንጠይቃቸዋለን። ስለ ራሳቸው ብዙ አይናገሩም፤ «ቮልሷ እንዴት ናት?» ይላሉ። ልጄም የዘይቱን፣ የፍሬኑን፣ የቺንጋውን ሁሉ ይዘረዝርላቸዋል። ዘንድሮ 18 ዓመት ይሞላዋል፤ መንጃ ፈቃዱን ካወጣ በኋላ የመጀመሪያውን ረጅም መንገድ የትኛውን እንደሚነዳ ወስኗል።

ከፊት መቀመጫ ሥር አሁን ሁለት አዲስ ቺንጋ አለ። አንዱ የመኪናዋ ነው፤ ሌላው የሚስማሩ።