ጌጥና ምልክት

በማስተማር ሥራ ላይ በነበርሁበት ጊዜ ለተማሪዎቼ አንድ ድረ ገጽ አዘጋጅቼ ነበር። በገጹ ላይ «የፈተና መልመጃ» የሚል ሊንክ፣ ማለትም ሲጫኑት ወደ ሌላ ገጽ የሚያሻግር ጽሑፍ፣ አኖርሁ። ዓይን ይስባል ብዬ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቀለም ሰጠሁት፤ አንዱን ቀይ፣ አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ቢጫ አደረግሁት። ከሥሩ የነበረውንም መስመር ውበቱን ያበላሻል በማለት አጠፋሁት።

ፈተናው ካለፈ በኋላ አንድ ትጉህ ተማሪ ዝቅተኛ ውጤት አመጣ። መልመጃውን አለመሥራቱን ባወቅሁ ጊዜ በጓደኞቹ ፊት በስንፍና ገሠጽሁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «መምህር፣ ጌጥ መስሎኝ ነው እንጂ የሚከፈት መሆኑን አላወቅሁም» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ማታ ገጹን እንደ እንግዳ ሆኜ ተመለከትሁት። የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ በመደበኛ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የብርሃን ንጽጽር እንዲኖር ይጠይቃል፤ በነጭ ገጽ ላይ የተጻፈ ደማቅ ቢጫ ግን 1.1 ለ1 እንኳ አይሞላም። ሌላም ጥፋት ነበረብኝ። ሞዛይክ የተባለው ብሮውዘር እ.ኤ.አ. በ1993 ያልተከፈተውን ሊንክ በሰማያዊ፣ የተከፈተውን በወይን ጠጅ ቀለም፣ ሁለቱንም ከሥራቸው በመስመር ማሳየት ጀመረ። አንባቢዎችም ይህን ምልክት ለምደውት ኖረዋል። የእኔ ሊንክ ግን ፊደሎቹ የየራሳቸው ቀለም ስለ ተሰጣቸው፣ ከተከፈተ በኋላ እንኳ መልኩን አይለውጥም ነበር።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ትዝ አሉኝ። እነርሱ ቀዩን ቀለም ለመነሻ መስመሮችና ለቅዱሳን ስሞች ለይተው፣ የቀረውን በጥቁር ይጽፉ ነበር። ቀዩ ጎልቶ የሚታየው ጥቁሩ ስለሚበዛ ነው። እኔ ግን «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» እንደሚባለው፣ ቀለሙን ሁሉ በአንድ ቃል ላይ አፈሰስሁት።

በማግሥቱ ኅብረ ቀለሙን ወደ ገጹ ርእስ አዛወርሁ። ሊንኩን ወደ ሰማያዊነቱ መለስሁ፤ ቀለም ለይቶ ማየት የሚሳነው አንባቢም እንዲያውቀው መስመሩን ከሥሩ አሰመርሁ። ከዚያም ወደ ክፍል ገባሁ። በጓደኞቹ ፊት የገሠጽሁትን ተማሪ፣ በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት።