የቆመውና የሚሄደው

ባቡር ተሳፍሮ ለሚሄድ ሰው መነሻና መድረሻውን ማወቅ ይበቃዋል። ባቡር ለማየት ብቻ የሚጓዝ ግን የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ይልቁንም የት ቆሞ እንደሚጠብቅ አስቀድሞ ማውጠንጠን ይኖርበታል። ጡረተኛው የምድር ባቡር መካኒክ የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ ሲሰናዱ፣ ሳምንቱን ሙሉ ደብተርና እርሳስ ከእጃቸው ያልጠፋው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ወሩን ለመምረጥ አልተቸገሩም። የድሬዳዋ ሙቀት በኅዳር ረገብ ይላል። ክረምቱን ግን አይደፍሩትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ሞልቶ ስንቱን ቤት ከነሰው እንደወሰደ አይረሱም። ማደሪያው ከዚራ ነው፤ በዛፎቹ ጥላ፣ ከአሮጌው ጣቢያ በእግር በሚደረስበት ሥፍራ። ቁርስ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ፤ ለእርሳቸው ፉል በትኩስ ዳቦ፣ ለልጅቱ ፈጢራ። በቀትር ማረፍ፤ ፀሐይ ሲበርድ ወደ አሮጌው ጣቢያ።

በዚያ የሚነግሯትንም ጽፈዋል። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ታስቦ፣ ተራራው ስለከበደ፣ በግርጌው አድርጎ በ1895 ዓ.ም. እዚህ መድረሱን፤ ከተማይቱም በዚሁ ሰበብ መቆርቆሯን፤ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. መሆኑን፤ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ እንደነበር፤ ከቆሙት ሎኮሞቲቮች መካከል የትኞቹን በእጃቸው እንደጠገኑ።

ልጅቱ ደብተሩን አንብባ ስታበቃ ቀና አለች።

«አባባ፣ የሚሄደውንስ መቼ ነው የምናየው?»

አዛውንቱ መልስ አጡ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሮጠው፣ ሐዲዱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋው ባቡር በደብተራቸው ውስጥ አልነበረም። ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው ብለው አመካኙ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። መፍቻ የለመደው እጃቸው የማያውቀውን ያንን ባቡር አንድ ቀን እንኳ ሄደው አላዩትም። በአውቶቡስ እንሂድ ያሉትም ስለዚሁ ነበር፤ ለልጅቱ የሰጧት ምክንያት፣ «ውስጡ የተቀመጠ ሰው ባቡር አያይም» የሚል ነበር።

ማታ ልጅቱ ከተኛች በኋላ ደብተሩን ገለጡት። «አንድ ሌሊት» ከሚለው ላይ አንዱን ሰርዘው ሁለት አደረጉት። ከሥሩም ጻፉ፦ በማግሥቱ በባጃጅ ወደ አዲሱ ጣቢያ፤ ለስንቅ ሳምቡሳና ውሃ። ቀጥለው ባቡሩ የሚገባበትን ሰዓት ለማስፈር እርሳሱን አስጠጉና ቆሙ። የአሮጌውን ሰዓት ከእንቅልፋቸው ቢቀሰቀሱ እንኳ አይስቱትም፤ የአዲሱን ግን አያውቁም።

ቦታውን ባዶ ትተው፣ ከጎኑ «ልጅቱ ትጠይቅልኝ» ብለው ጻፉ።