በሰሌዳው ላይ የቀረው ማባዣ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ3ኛ ክፍል አስተማሪ ነበርሁ። የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ ከተነገረ ገና 3 ቀኑ ነው። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የ7ን ማባዣ በሰሌዳው ላይ እየጻፍሁ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይከተሉኝ ነበር። 7 ጊዜ 5 ላይ ስንደርስ ደወሉ ተደወለና፣ የቀረውን ነገ እንጨርሰዋለን ብዬ አሰናበትኋቸው። የዚያኑ ዕለት ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለ15 ቀን እንዲዘጉ መወሰኑን ሰማሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ተከምሮብኝ ስለ ነበረ ዕረፍቱን እንደ ስጦታ ቈጠርሁት።

15ቱ ቀን ወር ሆነ፤ ወሩም ወራትን ወለደ። በሩ የተዘጋው በእኛ ዘንድ ብቻ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ባወጣው ቍጥር መሠረት፣ በሽታው በበረታበት በዚያ ሚያዝያ ከ190 በሚበልጡ አገሮች ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተለይተው ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ከ26 ሚሊዮን የማያንሱት የእኛው አገር ልጆች ናቸው። በኡጋንዳ፣ ለአንዳንድ ክፍሎች በመካከሉ ተከፍቶ የነበረ ቢሆንም፣ ትምህርት ቤቶች ለሁሉም የተከፈቱት በጥር 2014 ዓ.ም. ነው፤ 2 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። በትግራይ ደግሞ በበሽታው ላይ ጦርነት ተጨምሮበት መዘጋቱ 3 ዓመት ያህል ቈየ።

በእኛ ቤት ግን፣ አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፣ ያ ዘመን መልካም ዘመን ነበር። ባለቤቴ የጽሕፈት ሥራዋን በከፊል ከቤት ትሠራለች፤ እኔ ሥራ ፈትቻለሁ። ልጃችን በእኔው ትምህርት ቤት የ3ኛ ክፍል ተማሪ፣ በሌላ ምድብ ውስጥ ነበረ። በራትና በቡና ሰዓት የ7ን፣ የ8ንና የ9ን ማባዣ እየተጫወትን ጨረስነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈውንም ትምህርት አብረን እንከታተል ነበር። ልጁ ያልገባው ነገር ሲኖር ሬዲዮኑ አይመልስለትም፤ እኔን ይጠይቀኛል። የሚጠይቀው ሰው በቤቱ የሌለው ልጅ እንዴት ይሆናል ብዬ በዚያን ጊዜ አላሰብሁም።

በ2013 ዓ.ም. በሮቹ በየተራ ተከፈቱ፤ ትምህርቱም በፈረቃ ሆነ። ወደ ክፍሌ ስገባ አቧራ ከለበሰው ሰሌዳ ላይ 7 ጊዜ 5 እንደ ተጻፈ ነበር። በዳስተሩ ደምስሼ የዕለቱን ቀን ጻፍሁበት። የቀድሞዎቹ ተማሪዎቼ ያለ መጨረሻ ፈተና ወደ 4ኛ ክፍል ተሻግረዋል። በካርዳቸው ላይ «ተዛውሯል»፣ «ተዛውራለች» እያልሁ የፈረምሁት እኔው ነኝ። ለጥቂት ሳምንታት ማካካሻ ትምህርት ተሰጠ፤ ነገር ግን በዚያ ግርግር ማን ምን እንደ ጎደለው የመረመረ ሰው አላየሁም፤ እኔም አልመረመርሁም።

በመጋቢት 2014 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም፣ ድንች ልገዛ ወደ ሰፈራችን ጉሊት ወጣሁ። ከሻጮቹ አንዲቱ የቀድሞ ተማሪዬ እናት ነበሩ። እርሳቸው ከሌላ ገዢ ጋር ሲነጋገሩ ልጅቱ መዘነችልኝ፤ ኪሎው በ18 ብር፣ 7 ኪሎ። ጣቶቿን እያጠፈች 18ን በ18 ላይ ስትደምር ቈየችና «108 ብር፣ ቲቸር» አለችኝ። አንዱን 18 ዘላዋለች። 126 ብር ሰጠኋትና፣ በዚያን ጊዜ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችና፣ «7 ጊዜ 8 ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። አቀረቀረች። ኋላ ግን ምንም ሳትወቅሰኝ፣ የታወቀ ነገር እንደምታስታውሰኝ ሁሉ፣ «7 ጊዜ 5 ላይ እኮ ነው ያቆምነው፣ ቲቸር» አለችኝ።

የ4ኛ ክፍል አስተማሪዋ የ4ኛ ክፍልን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ፤ የ5ኛውም እንዲሁ። ሁለቱም ካርዱን አምነዋል።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር የተጻፈውን መፈለግ ያዝሁ። በ1998 ዓ.ም. መስከረም በሰሜን ፓኪስታን ታላቅ የምድር መንቀጥቀጥ ደርሶ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ በአማካይ 14 ሳምንት ያህል ከተዘጉ በኋላ ተከፈቱ፤ የፈረሰውም ቤት ተሠራ። ይሁን እንጂ ከ4 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ልጆቹን ሲፈትኑ፣ አደጋው ለደረሰበት ስፍራ ቅርብ የነበሩት ከሌሎቹ በዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት በሚገመት ትምህርት ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። 14 ሳምንት እንዴት ይህን ያህል ሊሆን ቻለ? ተመራማሪዎቹ የገመቱት ምክንያት፣ ልጆቹ ሲመለሱ ትምህርቱ እነርሱ ካቆሙበት አለመጀመሩን ነው፤ መሠረቱን ያልያዘ ልጅ በየዓመቱ ይበልጥ ይርቃል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። እናቶቻቸው ቢያንስ አንደኛ ደረጃ በተማሩት ልጆች ላይ ይህ ጉድለት አልታየም። በኔዘርላንድም፣ ኢንተርኔት በየቤቱ ባለበት በዚያ አገር፣ 8 ሳምንት ብቻ ተዘግቶ ልጆቹ በቤታቸው የጨመሩት ዕውቀት እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል፤ ጉዳቱም ወላጆቻቸው ብዙ ባልተማሩት ልጆች ላይ ይብስ ነበር። ይህን ሳነብ የራቴ ገበታና ያ ጉሊት በዐይኔ ላይ መጡ።

መዘጋቱን አልነቅፍም፤ በዚያን ጊዜ ስለ በሽታው የምናውቀው ጥቂት ነበር። ልጆቹን ሁሉ ክፍል ማስደገምም ቀላል አልነበረም፤ ከታች ለሚመጡት ስፍራ ከየት ይገኛል? የምነቅፈው ያን በካርዱ ላይ ያለ አንድ ቃል ነው፤ እርሱንም የጻፍሁት በራሴ እጅ ነው።

ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል ፈቃደኞቹን ማስተማር ጀመርሁ። በክፍላቸው ሳይሆን በሚያውቁት ልክ ለየኋቸው፤ በሕንድ አገር ልጆችን በዚህ ዓይነት በመመደብ ብዙ መሠራቱን አንብቤ ነበር። ልጅቱ አልመጣችም። ለካስ ቅዳሜ የጉሊቱ ዋና ቀን ነው። ወደ ማክሰኞና ሐሙስ አዛወርሁትና መጣች። የ7ን ማባዣ በሁለት ቀን ጨረሰችው። ክፍልፋይ ግን ብዙ ወራት ፈጀባት፤ እርሷ ክፍልፋይን ስትጀምር የክፍሏ መጽሐፍ ደግሞ ወደ ሌላ አልፏል።

በ2017 ዓ.ም. እርሷና ልጄ የ8ኛ ክፍልን ፈተና ተቀመጡ። ሁለቱም አለፉ። በሒሳብ ልጄ 81፣ እርሷ 52 አገኙ። ውጤቱን ለእናቷ ልነግራቸው ወደ ጉሊቱ ሄድሁ።

«52 ብዙ ነው፣ መምህር?» አሉኝ።

«ከ100 ነው፣ እትዬ፤ አልፋለች» አልኋቸው።

«የቀረውስ ስንት ነው?»

እኔ ሳልመልስ ልጅቱ ድንቹን እየመዘነች «48» አለች።