ሜዳ የሌለው ባለሜዳ

የወላይታ ድቻን ጨዋታ በዋዜማው የሚያስታውስ ትንሽ የቴሌግራም ቦት ሠርቼ ነበር። ለራሴና ለአሥራ ምናምን የሶዶ ልጆች ነው፤ አብዛኞቻችን አዲስ አበባ ነን፣ ሁለቱ አዳማ። ሥራው ቀላል ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ባለሜዳውንና እንግዳውን ከሰንጠረዥ አንብቦ መልእክት ይልካል። በሌላ አገር ሊግ ቢሆን ስታዲየሙን ለብቻው መመዝገብ እንኳን ባላስፈለገ። አርሰናል ባለሜዳ ከሆነ ኤምሬትስ ነው፣ በቃ። የእኛ ሰንጠረዥ ግን ሌላ ነገር ይላል፦ «ባለሜዳ፦ ወላይታ ድቻ። ቦታ፦ ባሕር ዳር።» ሌላ ሳምንት፦ «ባለሜዳ፦ ወላይታ ድቻ። ቦታ፦ ድሬዳዋ።»

ከሶዶ ባሕር ዳር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ በዚህ ሊግ ባለሜዳ ማለት ምን ማለት ነው? ስሙ ቀድሞ የሚጻፍ ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

እንዴት እዚህ እንደደረስን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገራችሁ። የ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ሊጉ ሲመለስ ሁለት ነገር ተቀይሮ ነበር። አንደኛ፣ ውድድሩን የሚመራው የክለቦቹ አክሲዮን ማህበር ከመልቲቾይስ ጋር የአምስት ዓመት ውል ተፈራርሞ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ መታየት ጀመሩ፤ ያኔ የተነገረው ገንዘብ 68 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሁለተኛ፣ ሁሉም ቡድኖች በአንድ ከተማ ተሰብስበው የተወሰኑ ሳምንታት ከተጫወቱ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወሩበት አሠራር መጣ። የመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ ነበር። ሰበቡ ኮሮና ነው ተባለ። ኮሮናው ሄደ፣ አሠራሩ ቀረ። ካሜራና መብራት የጫነ መኪና በየሳምንቱ ስምንት ከተማ ማዞር ከባድ ነው፤ ቡድኖቹን ወደ ካሜራው ማምጣት ይቀላል።

እኔ ፕሮግራመር ነኝ፣ ይሄ አስተሳሰብ ይገባኛል። ሲስተሙን ለማቅለል ውስብስቡን ክፍል ወደ አንድ ቦታ ትሰበስባለህ። ጥያቄው ውስብስብ ነው ተብሎ የወጣው ክፍል ምን ይሠራ ነበር የሚለው ነው።

ሶዶ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር እኔ ልንገራችሁ። ድቻ በ2001 ነው የተመሠረተው፤ በ2006 ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። የጨዋታ ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ከቦዲቲ፣ ከአረካ፣ ከሁምቦ፣ ከገሱባ በሚኒባስም በአይሱዙም ሰው ይገባል። ዱንጉዛ ያልለበሰ፣ ቢያንስ በአንገቱ ያልጠመጠመ አታገኝም፤ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው ከሩቅ ይታያል። ባጃጆቹ ባንዲራ ሰክተው ጥሩምባቸውን ያለማቋረጥ ይነፋሉ። የቡድኑ ቅጽል ስም «የጦና ንቦች» ነው፤ ጦና የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ናቸው፣ በ1887 ዓ.ም. ከምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው የተማረኩት። እና ስታዲየሙ ሲሞላ ዳሞታ ተራራ ከበላይ ቆሞ፣ ከሥሩ ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ ላይ ሲያጉረመርም፣ ስሙን ማን እንዳወጣው ባላውቅም ለምን እንዳወጣው ይገባሃል።

አጎቴ ሶዶ ውስጥ ሱቅ አለው። ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ስለ ጎል አያወራም። «ሰኞ ጠዋት ሱቅ ስከፍት የሚመጣው ሰው ሁሉ ድምፁ የተዘጋ ነበር፤ ስኳር ስጠኝ የሚለውን በእጅ ምልክት ነው የምረዳው» ይላል። ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ ድምፁ የሚዘጋ ሰው እስካሁን አላየሁም። እንዲያውም ዲኤስቲቪ ቤት ድቻን ለማየት ሄደህ ሰዓቱ ከማንቼ ጨዋታ ጋር ከተጋጨ፣ በራስህ ከተማ ድምፅ ተሰጥቶበት ልትሸነፍ ትችላለህ።

በ2009 ድቻ የኢትዮጵያ ጥሎ ማለፍ ዋንጫን አሸነፈ። በዚያ ዋንጫ የተነሳ በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መድረክ ወጣ፣ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ። ዕጣው ዛማሌክ ጋር ጣለው። የአምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነው ዛማሌክ! የሶዶ ስታዲየም ለአህጉራዊ ውድድር ብቁ ስላልነበር የመጀመሪያው ጨዋታ ሐዋሳ ላይ ተደረገ፤ 2 ለ 1 አሸነፍን። ካይሮ ላይ እነሱ በተመሳሳይ ውጤት አሸነፉ። ከዚያ የመለያ ምት፣ 4 ለ 3፣ ድቻ አለፈ። የዚያን ማታ ዶርም ውስጥ ነበርኩ፤ የፌስቡክ ገጽ በየሰከንዱ እያደስኩ። ከጎንደር የመጣው የዶርም ጓደኛዬ ስለ ወላይታ የሚያውቀው ዳጣ ብቻ ነበር፣ ያን ሌሊት ግን ከእኔ በላይ ጮኸ። በሚቀጥለው ዙር የታንዛኒያው ያንጋ አስወጣን። ምን አለፋችሁ፣ ማንም አላዘነም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም የሐዋሳ ታሪክ በዚህ አያልቅም። በመጋቢት 2010 አካባቢ የሐዋሳ ስታዲየም በወላይታ ልጆች ተሞልቶ ነበር። ለእኛ ሐዋሳ የሰው አገር አልነበረችም፤ የክልላችን ዋና ከተማ ነበረች፣ ግማሹ ዘመዳችን እዚያ ይሠራል። በሰኔ 2010 በዚያችው ከተማ ግጭት ተነሣ። ሰዎች በብሔራቸው ምክንያት ተገደሉ፣ ብዙ የወላይታ ቤተሰቦች ከሐዋሳ ተፈናቀሉ። ግጭቱ ወደ ሶዶም ደረሰ። በሦስት ወር ውስጥ። ዛማሌክን ያሸነፍንበትን ሜዳ ሳስብ ሁለቱ ነገር አብረው ነው የሚመጡብኝ፤ አንዱን ለብቻው ማስታወስ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ የተቀየረው ስሜት ብቻ አይደለም፣ ካርታውም ነው። በ2012 ሊግ ከነበሩት 16 ክለቦች 5ቱ የደቡብ ክልል ነበሩ፦ ሐዋሳ ከተማ፣ ሲዳማ ቡና፣ ወላይታ ድቻ፣ ሀዲያ ሆሳዕናና ወልቂጤ ከተማ። እርስ በርስ ስንጋጠም ቤተሰብ ውስጥ እንዳለ ጭቅጭቅ ነበር፤ ኃይለኛ ነው ግን የቤት ነው። ሲዳማ በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ በዚያው ዓመት መጨረሻ ክልል ሆነ። ወላይታም የራሱን ክልል ጠይቆ ነበር፤ የዞኑ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ወስኗል። የመጣው መልስ ሌላ ነው። በ2015 ሁለት ጊዜ ድምፅ ከሰጠን በኋላ፣ አዎ ሁለት ጊዜ፣ የወላይታው ተሰርዞ በሰኔ ተደግሟል፣ በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር ማዕከል ሆነች። ሀዲያና ጉራጌ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ውስጥ ገቡ። በአንድ ክልል የነበሩት አምስቱ ክለቦች ዛሬ በሦስት ክልል ናቸው።

ታዲያ የድቻ ጎረቤት ማን ነው? በአዲሱ ካርታ አርባ ምንጭ ከተማ ነው። ከአርባ ምንጭ ልጆች ጋር ችግር የለብኝም፣ ዓሣቸውንም እወዳለሁ። ግን ፉክክር በአዋጅ አይመሠረትም። ሐዋሳ ከተማ ሁለት ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል፣ በ1996 እና በ1999፤ እኔ ልጅ ሆኜ «እነሱን የምናሸንፍበት ቀን» እየተባለ ነው ያደግኩት። ያንን ስሜት ነሐሴ ላይ የወጣ ውሳኔ ወደ ሌላ ከተማ ሊያዛውረው አይችልም።

ይሄን ሁሉ በደንብ የተረዳልኝ አንድ አሜሪካዊ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? በርቀት የምሠራበት ቡድን ውስጥ አንድ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ አለ። እነሱ ጋ የኮሌጅ ፉትቦል የሚባለው ነገር፣ የራግቢ የሚመስለው ኳሳቸው ማለት ነው፣ በአካባቢ በተደራጁ ሊጎች ነው የሚካሄደው። የእነሱ ሊግ በ1915 የተጀመረ የምዕራብ ጠረፍ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ነበር፤ በኋላ 12 አባላት ስለነበሩት ፓክ 12 ተባለ። ከዚያ የቴሌቪዥን ገንዘብ መጣ። በእነሱ አቆጣጠር በ2024 ከ12ቱ 10ሩ ወጥተው ወደ ሌሎች ሊጎች ተበታተኑ። ሁለት ብቻ ቀሩ፤ አንዱ የእሱ ትምህርት ቤት፣ ስንዴ በሚበቅልበት ገጠር ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚገኘው። በጣም የሚያስቀው፣ ስታንፎርድ ፓሲፊክ ውቅያኖስ አጠገብ ሆኖ የገባው «የአትላንቲክ ጠረፍ» በሚባል ሊግ ነው። «ቢግ ቴን» ማለትም «ታላቁ አሥር» የሚባለውም ዛሬ 18 አባላት አሉት። ኮድ ሲገመግም በስም አወጣጥ የሚያስለቅሰኝ ሰውዬ ይሄን ሲነግረኝ ራሱም ይስቃል።

ግን አንድ ነገር ሲናገር አልሳቀም። «ተሸንፈን ብንወርድ ይገባኝ ነበር። እኛ ሜዳ ላይ አልወረድንም፤ ተመልካች አነሱ ተብለን ነው የተተውነው» አለኝ። የድቻን ነገር ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ልዩነቱን ያገኘው እሱ ነው። እሱ ሜዳው እዚያው አለ፤ ቅዳሜ ሲሆን ሄዶ ይቀመጣል፣ የጠፉት ጎረቤቶቹ ናቸው። እኛ ግን ጎረቤቶቻችን ሁሉ በሊጉ ውስጥ ሆነው ሜዳው ነው የሄደው። የቱ ይሻላል ብለን ተከራከርን፤ አልተስማማንም። እሱ የእኔን መረጠ፣ እኔ የእሱን።

ነገርዬውን ለሚደግፉት ደግሞ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ፣ ምክንያታቸው ቀልድ አይደለምና። ድሮ ከሜዳ ውጪ መጫወት ማለት አንዳንዴ በድንጋይ መሐል ማለፍ ማለት ነበር። ዳኛ በትንሽ ከተማ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በ90ኛው ደቂቃ በባለሜዳው ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ሊሰጥ ይፈልጋል ወይ? ከ2010 በኋላ በነበሩት ዓመታት የብሔር ውጥረቱ ስታዲየም ውስጥ ገብቶ ጨዋታዎች በዝግና በገለልተኛ ሜዳ የተደረጉበት ጊዜ ነበር። ተሰብስቦ መጫወቱ ይሄን ቀንሶታል። የትግራይ ክለቦችም አሉ፤ መቐለ 70 እንደርታ በ2011 ሻምፒዮን ነበር፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣና ከስሑል ሽረና ከወልዋሎ ጋር ከሊጉ ወጡ፤ በ2017 ነው የተመለሱት። ለእነሱ ሌላ ከተማ ላይ «ባለሜዳ» መሆን ጭራሽ ካለመጫወት ይሻላል። ይሄን የሚክድ ሰው የለም። እናቴም ብትሆን ስታዲየም ገብታ አታውቅም፤ ዛሬ በቴሌቪዥን አይታ የግራ ተመላላሹን ትተቻለች።

ግን ሰላሙ የመጣው ሰዎቹ ስለተስማሙ ነው ወይስ ስላልተገናኙ? እኔ እስከማየው ሁለተኛው ነው። የሐዋሳ ደጋፊና የድቻ ደጋፊ ሦስተኛ ከተማ ላይ ባዶ ወንበር ሆነው ነው ያልተጣሉት። እና ክለቦቻችን፣ ድቻንም ጨምሮ፣ አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በመንግሥት በጀት ነው። የቦዲቲ አስተማሪና የሁምቦ ገበሬ የሚከፍለው ግብር ቡድኑን ሆቴል ያሳድራል፤ አስተማሪው ራሱ ግን ቡድኑን ለማየት ሁለት ቀን ይጓዝ ተብሏል።

ሙሉው የደርሶ መልስ ሥርዓት ነገ ይመለስ ብል ሰሚ እንደማላገኝ አውቃለሁ። የመብራት ነገር አለ፣ የመልበሻ ክፍል፣ የካሜራ ማማ፣ የፖሊስ ቁጥር። ስለዚህ እኔ በትንሹ እንጀምር ነው የምለው። አዲስ ነገር ስትለቅ ለሁሉም ተጠቃሚ በአንድ ቀን አትለቅም፤ ለጥቂቱ ለቀህ ታያለህ። ከሁለቱ ዙር በአንዱ፣ ጎረቤታሞቹ ብቻ በየሜዳቸው ይጫወቱ፦ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ሆሳዕና፣ ሐዋሳ። ሁሉም ጠዋት ተነሥተህ ማታ የምትመለስባቸው ናቸው። የጉዞ ወጪው ትንሽ ነው፣ ካሜራውም ሩቅ አይሄድም። የሚፈራውም ግጥሚያ ይሄው ስለሆነ ከእሱ መጀመር ነው የሚሻለው፤ ቀላሉን ሞክሮ «ይሠራል» ማለት ፈተና አይባልም። የሽማግሌዎቹንና የደጋፊ ማኅበራቱን ሥራ ከፖሊሱ እኩል መቁጠር ያስፈልጋል፣ እንግዳ ደጋፊ በማን እጅ እንደሚገባና በማን እጅ እንደሚወጣ ቀድሞ መነጋገር።

ይሄን ሐሳብ ለአጎቴ በስልክ ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ከሐዋሳ በ2010 ሻንጣ ይዘው የመጡ ዘመዶቹን ቤቱ ያሳደረ ሰው ነው፣ ስለዚህ መልሱን ፈርቼ ነበር።

«ሐዋሳዎች ይምጡ» አለ በመጨረሻ። «ቁርጡ በእኔ ነው።»

«የሁሉም?» አልኩት።

«አንተ ልጅ! ካሸነፍን ነዋ። ከተሸነፍን ዳጣ ብቻ ነው የምሰጣቸው።»