ሁሉም የሚያውቀው ምሥጢር

ልብ አንጠልጣይ መጽሐፍ ሲነሣ አንዳንድ ጓደኞቻችን ከንፈራቸውን ያጣምማሉ። «ጊዜ ማሳለፊያ ነው» ይላሉ። ይበሉ! እኛ የወረታ ልጆች ግን ማንበብ የለመድነው ሽፋናቸው በተገነጠለ የወንጀልና የስለላ መጻሕፍት ነው። የማሞ ውድነህ «የካይሮ ጆሮ ጠቢ» ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ መጨረሻው ተቀዶ ቢደርሰን፣ የጎደለውን በክርክር ሞላነው።

አሁን ደግሞ ለመጻፍ ተነሥተናል። ሦስት ነን። ታሪካችን ከፎገራ ሜዳ ስለ ጠፉ ሁለት በሬዎች ነው። ሩዝ ግጦሹን ካጠበበው ወዲህ በሬ መጥፋቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ለመሆኑ መርማሪያችን ማን ይሁን? ሸርሎክ ሆምስ በ1887 እ.ኤ.አ. ለአንባቢ የቀረበው ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት በለንደን ከተማ ነው። እዚያ ከጫማ ጭቃ ተነሥቶ ያልታወቀውን ሰው ማግኘት ይቻላል። እኛ ዘንድ ግን ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ዱካ የሚባል ነገር አይተርፍም። ቢተርፍስ ምን ያደርጋል? በሬው በማን በረት እንዳደረ፣ በየትኛው ገበያ እንደ ተሸጠ መንደሩ ያውቀዋል። የጠፋው አድራጊው ሳይሆን ተናጋሪው ነው።

አባቶቻችን ይህን ተረድተው ነበር። አንዳንዱ አገር አፈርሳታ፣ ሌላው አውጫጭኝ የሚለው ሥርዓት የቆመው ለዚሁ ነው። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ተጠርቶ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይወጣ መበተን የለም። ጥፋተኛው ካልተገኘ ካሣው በሕዝቡ ላይ ይወድቃል። በምሥጢር የሚጠቁመውም ሰው በስሙ አይጠራም፣ «ወፍ» ነው የሚባለው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በ1969 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው ልብወለድ ርእሱም ጉዳዩም ይኸው አፈርሳታ ነው። የአንድ ገበሬ ጎጆ ይቃጠላል፤ ሕዝቡ ይሰበሰባል። መርማሪው አንድ ብልህ ሰው ሳይሆን አገሬው ነው። እኛም ይህን መንገድ መረጥን።

ባለፈው ክረምት ረቂቁን ለአንድ አጎታችን አነበብንላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙ።

«ደግ ነው» አሉ። «ግን ይኼ ሰውዬ እገሌ አይደለም እንዴ?»

«ስሙን ቀይረነዋል፤ ቀየውንም፤ የበሬዎቹን መልክ ሳይቀር» አልናቸው።

«እና ምን ይጠቅማል ልጆቼ? ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። እናንተ ወደ ትምህርታችሁ ትመለሳላችሁ። እኔና እሱ ግን ከብት የምናጠጣው ከአንድ ወንዝ ነው።»

እስከዚያ ቀን ማሳተም ሲባል የሚያስጨንቀን የወረቀት ዋጋ ነበር። የአጎታችን ቃል ግን ሌላ ዋጋ አሳሰበን። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የስለላ ታሪክ አለበት፤ ልብ ያንጠለጥላል። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ሲወጣ ግን አንባቢው «ይኼ ባለ ሥልጣን እገሌ አይደለም?» ማለቱ አልቀረም። መጽሐፉ ታገደ፣ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። «ኦሮማይ» በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ባሕር ማዶ ታተመ፤ የጸሐፊው መጨረሻ ግን ዛሬም በእርግጥ አልታወቀም።

የእኛ ሁለት በሬዎች ከዚህ ጋር አይወዳደሩም፤ እናውቃለን። ይሁንና ጥያቄው አንድ ዓይነት ነው፦ ሁሉም የሚያውቀውን ማን ይጽፈዋል? ከሦስታችን ሁለታችን «ይታተም» እንላለን። ሦስተኛው ቤተሰቡ እዚያው ሜዳ ላይ ነውና «ትንሽ ይቆይ» ይላል። ፈሪ ነው የምንለው አይደለም፤ ወንዙ የእሱም ነው።

ክርክሩ ገና አላለቀም። ረቂቁን ግን አንድ ነገር ለውጠንበታል። የሌባው ስም አሁን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። አንባቢው እስከ መጨረሻው የሚጠብቀው ከተሰበሰበው ሰው መካከል ማን ቀድሞ አፉን እንደሚከፍት ነው።