ካርዱን ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ ሥነ ዜጋ ያስተማርኳችሁ ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ መልእክቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ቲቸር፣ 7ኛው ምርጫ ሊደረግ ነው ይባላል። ካርድ ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?» አንዷ ደግሞ ጠንከር አድርጋ ጻፈችልኝ፦ «መምረጥ የዜጋ ኃላፊነት ነው ብለው አስተምረውናል። ኃላፊነት ያለብን እኛ ብቻ ነን እንዴ?»

ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው አልኩ። ረዘም ስለሚል ታገሡኝ። የማንም ፓርቲ አባል አይደለሁም። እገሌን ምረጡ፣ እገሌን ተዉ ልላችሁም አይደለም።

መጀመሪያ ሕጉን እናጥራ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መምረጥ መብት ነው እንጂ ግዴታ አልተባለም። አውስትራሊያ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ከምርጫ የቀረ ሰው 20 ዶላር ይቀጣል። ሕጉ ከወጣ መቶ ዓመት አልፎታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። ስለዚህ «ካርድ ካላወጣህ ወየውልህ» የሚል ሰው ቢመጣባችሁ፣ ሕጉ ከእሱ ጋር እንዳልሆነ እወቁ።

እኛ ክፍል ውስጥ የተነጋገርነው ስለ ሌላ ዓይነት ግዴታ ነው። መጽሐፋችን 11 ምዕራፎች ነበሩት፤ ትዝ ይላችኋል? 1ኛው ስለ ዲሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ 2ኛው ስለ ሕግ የበላይነት፣ ቀጥሎ እኩልነት፣ ፍትሕ እያለ ይሄድና 10ኛው ላይ «ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መንግሥት ሊጠብቃቸው የሚገቡት ነገሮች ከፊት ናቸው፤ የእኛ ተሳትፎ የሚመጣው ከእነሱ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ለጥያቄሽ መልሴ «አይደለም፣ የእናንተ ብቻ አይደለም» ነው። ከ1 እስከ 4 ያለውን ዘሎ 10ኛው ላይ «ተሳተፉ» የሚል መንግሥት መጽሐፉን ከኋላ ነው የሚያነበው።

ተስፋ መቁረጣችሁም ይገባኛል። ስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልልም። ያየነውን አይተናል።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ሰው ሌሊት ተነሥቶ ነው የተሰለፈው። ጋቢውን የተከናነበ ገበሬ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ በምርኩዝ የመጣ ሽማግሌ። ከዚያ በፊት የፓርቲዎቹ ክርክር በራዲዮና በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ጠላ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻ ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወንበር አገኙ ተባለ። ውጤቱ አወዛገበ፤ ደም ፈሰሰ። ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ሳይቀር 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ዘግቧል። የቅንጅት መሪዎች ወኅኒ ወረዱ።

ከዚያ የ2002 ምርጫ መጣ። ከ547 ወንበር 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። በ2007 ደግሞ 547ቱም። 100 ከ100! መቼም አስተማሪ ነኝና፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ 100 ከ100 ቢያመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ፈተናውን ማን እንደፈተነ ነው። በዚያን ጊዜ ገበሬው በ1 ለ 5 ተደራጅቶ ነበር። ማን ካርድ እንዳወጣ፣ ማን እንደቀረ በቤት ቁጥር ይታወቃል። ማዳበሪያውም፣ ብድሩም፣ የመሬት ደብተሩም የሚያልፈው በዚያው በቀበሌው በኩል ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ምን ይላል? «ሆድ ይፍጀው» ይላል።

ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። 100 ከ100 በተባለ በ6 ወሩ ኦሮሚያ ላይ ሕዝብ ተነሣ። በ15 ወሩ፣ ነሐሴ 2008 ላይ፣ ባሕር ዳርና የእኛው ጎጃም አደባባይ ወጣ። መስከረም 2009 ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የካቲት 2010 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መልቀቂያ አስገቡ። አያችሁ፣ ከምርጫ ሣጥኑ ውስጥ አንድም «እምቢ» አልወጣም ነበር። ያ «እምቢ» ግን የትም አልሄደም፤ ጊዜውን ጠብቆ በመንገድ መጣ።

2013 የተለየ ይሆናል ያልን ብዙ ነበርን። ምርጫ ቦርድን የሚመሩት ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ፤ በ1997 ማግሥት ከቅንጅት መሪዎች ጋር የታሰሩት። ሰኔ 14 ቀን ነበር ድምፅ የተሰጠው። ለእኛ ሀገር ሰው ሰኔ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ገበሬው የእርሻ ቀኑን ትቶ ተሰለፈ፤ ሰዓቱ ስላልበቃ ምርጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። ሐምሌ ላይ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን ወሰደ። አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ።

ከዚያስ? ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ጦርነቱ ደጃችን ደረሰ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር በደረሰ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ኃላፊ ተናገሩ። በዚያው ክረምት በአብን ተመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት የገቡት ክርስቲያን ታደለ ታሰሩ፤ ያለመከሰስ መብታቸው የተነሣው ከታሰሩ ከወራት በኋላ ነው። የተከሰሱበትን ጉዳይ ፍርድ ቤት ይየው፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም። እንደ መራጭ ግን እጠይቃለሁ፦ ሕዝብ ድምፁን ሰጥቶ የላከው ሰው መጀመሪያ ታስሮ፣ ምክር ቤቱ የሚጠየቀው በኋላ ከሆነ፣ የዚያ ድምፅ ዋጋ ስንት ነው?

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የማወራችሁ። ከዚህ በኋላም ግን «መምረጥ ዋጋ የለውም» አልልም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የእኛ ሀገር ገበሬ ለመንግሥት «እምቢ» ማለት ያውቃል፤ ማንም አላስተማረውም። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ጎጃም «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊነካ ነው» ብሎ ተነሣ። ያን አዋጅ ያጸደቀው ፓርላማ ነበር። ሕዝብ የመረጠው ፓርላማ ከ1950 ጀምሮ ነበረን እኮ! እንደራሴዎቹ ግን የገበሬውን «እምቢ» አላሰሙለትም። ፓርቲም የለ፣ የሚጠየቅም የለ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ። ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ የግብር ውዝፉም ተሰረዘ። ገበሬው የጠየቀውን አገኘ፤ የከፈለው ግን የሰው ሕይወት ነው።

እኔ ስለ ምርጫ ሳስብ የምመለሰው ወደዚህ ታሪክ ነው። ምርጫ ማለት «እምቢ» ያለ ደም የሚቆጠርበት መንገድ ነው። ሌላ ትርጉም አልሰጠውም። ጥሩ መንግሥት ለማምጣት ላይበቃ ይችላል፤ መጥፎውን ሳይተኮስ ለማሰናበት ግን ከእሱ የተሻለ አላየሁም። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል የኖረበት ሀገር ውስጥ፣ ንጉሡን በየ5 ዓመቱ የሚከስስ አንድ ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ወረቀቱን ባዶ ማድረግ ትልቅ በደል የሚሆነው። ካርድን የ«አቤት» ማስፈረሚያ ያደረገ ሁሉ ሕዝቡን ወደ 1960 ነው የሚመልሰው።

«ታዲያ ብንቀርስ? መቅረትም እኮ እምቢ ማለት ነው» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፣ መብታችሁ ነው። ግን ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል። የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ የሚጽፍለት የለም። አንዱ ታሞ፣ አንዱ ሰንፎ፣ አንዱ ተናድዶ ይቀራል፤ ሁሉም በአንድ መስመር «ያልመጡ» ይባላሉ። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በድምፅ መስጫው ላይ «ከእነዚህ አንዳቸውንም አልመርጥም» የሚል ምርጫ አለ። እኛ ዘንድ ያ የለም። ቢሆንም ገብቶ ባዶውን የተወው ወረቀት ዋጋ አልባ ተብሎ ይቆጠራል፤ ቢያንስ መጥቶ ያልወደደ ሰው መኖሩ ይታወቃል። የጣቢያው ውጤትም በር ላይ ይለጠፋል። ማንበብ የሚችል ልጅ ለአባቱ ያንብብለት። በሩ ላይ የተለጠፈውንና ኋላ በራዲዮ የተነገረውን የሚያስተያይ ሰው በየቀበሌው ቢኖር፣ ነገሩ ሁሉ እንዲህ አይቀልም ነበር።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። ለካርድ ብላችሁ ነፍሳችሁን አደጋ ላይ ጣሉ አልልም። መንገድ በተዘጋበት፣ ቀን አንዱ፣ ማታ ሌላው በሚያዝበት ቀበሌ ያለ ገበሬ ካርድ ቢይዝ አንዱ ይቀየመዋል፣ ባይዝ ሌላው። እንዲህ ያለውን ሰው «የዜግነት ግዴታህን ተወጣ» ማለት ነውር ነው። ግዴታ ከሰላም በኋላ ይመጣል። ልጆች ትምህርት ቤት መሄድ ባልቻሉበት ወረዳ መጀመሪያ መከፈት ያለበት የምርጫ ጣቢያው አይደለም፣ ትምህርት ቤቱ ነው።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው የማያነሣው። ስለ ፓርላማ እንከራከራለን፤ ጉዳያችን የሚያልቀው ወይም የሚሰናከለው ግን ቀበሌ ነው። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው መቼ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? ሚያዝያ 2005። በመላ ሀገሪቱ ለ3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር ነበር፤ ከተቃዋሚዎች አብዛኞቹ አልተሳተፉም። በ2010 መደረግ ሲገባው ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲህ አልተደረገም። ይህ ማለት ዛሬ 30 ዓመት ያልሞላው ሰው በሕይወቱ የቀበሌውን ምክር ቤት መርጦ አያውቅም። ማዳበሪያ የሚያከፋፍለውን፣ የመሬት ክርክር የሚያየውን፣ ማስረጃ የሚጽፍለትን ሰው አልመረጠም! ሕገ መንግሥቱ ሕዝብ ያመነበትን ተወካይ አመኔታ ሲያጣበት ማንሣት ይችላል ይላል፤ አንቀጽ 12ም፣ 54ም ላይ አለ። ያልመረጥነውን ግን በምን እናነሣዋለን?

ይህን አሠራር ሕዝባችን አያውቀውም እንዳትሉኝ። በመስኖ የሚያለማውን ገበሬ ጠይቁት። የውኃ አባት አለው። መርጦ ነው የሚሾመው። የውኃ አባት ተራ ይጠብቃል፣ ቦይ ያስጠርጋል፣ ሌሊት ውኃ የሚጠልፈውን ይቀጣል። ለወንድሙ ያደላ እንደሆነ ተሰብስበው ያወርዱትና ሌላ ይሾማሉ። ማንም አይገደልም፣ ማንም አይሰደድም። በማግሥቱ ያው የወረደው ሰው ተራውን ጠብቆ ማሳውን ያጠጣል። በእድርም እንዲሁ ነው። ከመንግሥት የምንፈልገው ከዚህ የበለጠ አይደለም፤ ያመነውን መሾም፣ የበደለንን ማውረድ፣ የወረደውም በሰላም ቤቱ መግባት።

«እርስዎስ ምን ያደርጋሉ?» ለምትሉኝ፦ ያለሁበት ቀበሌ ሰላም ከሆነ፣ በጠመንጃ መሐል ሳላልፍ ጣቢያው መድረስ ከቻልኩ፣ ካርድ አወጣለሁ። በቡድን ነድቶ የሚወስደኝን አልከተልም፤ ብቻዬን እሄዳለሁ። የማምነው ካለ እመርጠዋለሁ፤ ከሌለ ወረቀቱን ባዶ አስገባለሁ። ማታ ተመልሼ በሩ ላይ የተለጠፈውን አነባለሁ። ይህን የማደርገው ለመንግሥት ዕዳ ስላለብኝ አይደለም። ዕዳዬ ለጎረቤቶቼ ነው፤ በሰላም «እምቢ» የምንልበት በር ጨርሶ እንዳይዘጋ። ልባችሁ ያልፈቀደ ደግሞ አትሂዱ፤ የሄደውን ግን «ሆዳም» አትበሉት፤ የሄደም የቀረውን «ጠላት» አይበለው።

እጩዎች ሊቀሰቅሱ ወደ እናንተ ሲመጡ ግን አንድ ጥያቄ ከእኔ ተቀበሉ። ስለ መንገድና ስለ መብራት ቃል ሲገቡላችሁ አስጨርሷቸውና እንዲህ በሏቸው፦ «የቀበሌያችንን ምክር ቤት መቼ ነው የምንመርጠው?» መልሳቸውን እዚህ ጻፉልኝ፣ አብረን እናንብበው።

ለሀገራችን ሰላሙን ያምጣልን። በየቤታችሁ ያዘናችሁትን ያጽናናልን። ደኅና ሁኑ።