ስማችን በቀልደኞች ማልያ ላይ

ቤዝቦል አንወድም። በዱላ ኳስ መምታቱንስ ከገና ጨዋታ እናውቀዋለን፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ማየቱ ግን ይቅርብን። ይሁንና አንድ የአሜሪካ ቡድን በስማችን ይጫወት እንደነበር ስንሰማ ጆሯችን ቆመ። ስሙ «ኢትዮጵያን ክላውንስ» ነበር። የኢትዮጵያ ቀልደኞች እንደማለት!

ነገሩ የ1930ዎቹ ነው (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። የጣሊያን ወረራ አገራችንን በየጋዜጣው ካወጣት በኋላ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚጫወት አንድ የጥቁሮች ቡድን ስሟን ወሰደ። ጥቁር ተጫዋች ከነጮቹ ሊግ የተከለከለበት ዘመን ነው። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ በሌለ ኳስ እየተጫወቱ ሕዝቡን ያስቁ ነበር። አፍሪካዊ ይመስላል የተባለ የፈጠራ ስምም ይወጣላቸዋል። ጎበዙ ኳስ ወርዋሪ ዴቭ ባርንሂል «ኢምፖ» ተባለ። በየትኛው ቋንቋችን ይሆን? ባርንሂል በኋላ ከኒውዮርክ ኩባንስ ጋር በ1947 የኔግሮ ሊግ ዋንጫ በልቷል።

የተናደድነው እኛ ብቻ አይደለንም። የጥቁሮቹ ጋዜጣ የፒትስበርግ ኩሪየር ዓምደኛ ዌንዴል ስሚዝ ቀልዱ ጥቁርን ያዋርዳል ብሎ ይተች ነበር። ያው ጋዜጣ ነው በ1935 ጆኤል ሮጀርስን ጦርነቱን እንዲዘግብ ወደ ኢትዮጵያ የላከው። ቡድኑ በ1943 ኔግሮ አሜሪካን ሊግ ሲገባ «ኢትዮጵያን» የሚለውን እንዲተው ተደረገ። ቀልደኞቹ ቀሩ፣ እኛ ወጣን።

ከዚያ ወዲህ ግን ቡድኑ ማንን እንዳፈራ ተመልከቱ። በ1952 የ18 ዓመቱ ሀንክ አሮን ሁለት ዶላር፣ ሁለት ሱሪና ሁለት ሳንድዊች ይዞ መጣ። ዋሽንግተን ላይ ከግሪፊዝ ስታዲየም ጀርባ ቁርስ በልተው ሲጨርሱ፣ ጥቁሮቹ የበሉበትን ሳህን ወጥ ቤት ውስጥ ሲሰባብሩት በጆሮው ሰማ። ስታዲየሙ ፈርሶ ዛሬ ቦታው ላይ የሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሟል። ከዚያ ጥቂት ወረድ ሲሉ ደግሞ የእኛ ሰዎች እንጀራ ቤት የከፈቱበት ሠፈር አለ፤ በአንድ ትሪ ዙሪያ ጥቁሩም ነጩም እጁን የሚሰድበት። አሮን በ1974 የቤብ ሩትን የ714 ሆም ራን ሪከርድ ሰበረ፤ 755 አድርሶም ጫማውን ሰቀለ።

አሮን በሄደ በዓመቱ ቶኒ ስቶን የምትባል ሴት ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆመች። አዎ፣ ሴት፣ ከወንዶች ጋር! ባለቤቱ ቀሚስ ለብሰሽ ተጫወች ቢላት እምቢ አለች።

እኛን ያስቀናችን ግን ማሚ ጆንሰን ናት። የነጮቹ የሴቶች ሊግ በቀለሟ ሳይፈትናት መለሳት፤ ክላውንስ በ1953 ኳስ ወርዋሪ አድርጎ ወሰዳት። ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ60 ብዙም አያልፍም። አንድ መቺ «አንቺማ ከኦቾሎኒ አትበልጪም» ብሎ እንደቀለደባትና እሷም በሦስት ኳስ ወደ መቀመጫው እንደመለሰችው ትናገር ነበር። ከዚያ በኋላ ነርስ ሆና ለዓመታት ሠራች፤ በ2017 ዋሽንግተን ውስጥ አረፈች። እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም «ኦቾሎኒ» ብሎ ሲጠራት አቤት ትል ነበር።